የማይጋባውን ሕማም ስለ መፍራት፥ የሚጋባውንም ስለ መናቅ

አንባቢ ሆይ፥ የታመመ ሰው ባየን ጊዜ ልባችን ፈጥኖ «ይህ ሰው ምን በድሎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን እንዲሁ ጠየቁት። እርሱ ግን በደሉን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም፤ ዓይኑን በጭቃ ቀብቶ ይታጠብ ዘንድ ሰደደው እንጂ። እኛ ግን እስከ ዛሬ ፍርዱን እናስቀድማለን፤ ውኃውን እናዘገያለን።

እኔም ከዚህ በደል ንጹሕ አይደለሁም። በእስቴ ደጋ፥ በጉና ተራራ ግርጌ ስኖር፥ ጎረቤቴ ልጁን ሊድር አስቦ ምክር ጠየቀኝ። የታጨው ጎልማሳ አባት እግራቸው ያበጠ፥ ዝሆኔ የሚባለው ሕማም ያለባቸው ሰው ነበሩ። እኔም የተማረ ነው ተብዬ የታመንሁ ስሆን «ይህ ይጋባል፥ በዘርም ይወርዳል፤ ልጅህን አትስጥ» አልሁት። እጮኝነቱ ፈረሰ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ የታናሹን ልጃችንን የዓይን አር በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፥ በዚያው ጫፍ የታላቁን ስትጠርግ አየሁ፤ አንዳችም አልተናገርሁም።

ከዓመታት በኋላ ግን አንዲት ነርስ ስታስተምር ሰምቼ የሁለቱን ሕማም ነገር ተረዳሁ። በደጋችን የሚገኘው ዝሆኔ እንደ ደም ብዛትና እንደ ስኳር ሕማም ሁሉ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዘመን ለሄደ ሰው፥ የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣት በቆዳው ገብቶ የእግሩን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ይጎዳል፤ እግሩም ያብጣል። በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ይህን መርምሮ አስረዳ። ለሕማሙ ቶሎ የሚሸነፍ ተፈጥሮ በዘር ሊወረስ ይችላል፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው ይጠበቃል። የታመመውም ቢታጠብና ቢጫማ እብጠቱ ይቀንስለታል።

የዓይን ማዝ፥ ማለት ትራኮማ፥ ግን ይጋባል። ረቂቅ ተሕዋሲው በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን፥ ከሕፃንም ወደ እናት ይሄዳል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ በወረንጦ የዓይናቸውን ፀጉር የሚነቅሉ እናቶችን ያላየ ማን ነው? ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ናቸውና ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ይጎዳሉ። መከላከያው አራት ነው፤ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፥ በዕደላ የሚሰጠውን መድኃኒት መዋጥ፥ የልጆችን ፊት ማጠብ፥ መጸዳጃ ጕድጓድ መቈፈር፤ ዝንቡ በሜዳ በተጣለ ሰገራ ይራባልና።

እንግዲህ ሥራዬን ተመልከቱ። የማይጋባውን ፈርቼ ሁለት ወጣቶችን ለያየሁ፤ የሚጋባውን ንቄ የልጆቼን ዓይን ለሕማም አሳልፌ ሰጠሁ። «ባለማወቅ ነው» የሚለኝ አለ። በእውነት ያልተነገረው ሰው አይወቀስም፤ ጠይቆ ማወቅ ሲችል ሳይጠይቅ በባልንጀራው ላይ የሚፈርድ ግን ይወቀሳል። ባልንጀራን መውደድ ሕማሙ በምን እንደሚመጣ መጠየቅንም ይጨምራልና።

ሌላውም «ውኃ ከሩቅ ገደል በጀርባ ሲወጣ ድኻ እንዴት ፊት ይታጠብ?» ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ ዕዳውን በእናት ላይ ብቻ አንጫን፤ አባት ውኃውን በአህያ ያምጣ፥ ጕድጓዱንም ይቈፍር። ለልጅ ፊትም አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። የሚጋባ ሕማም ያለበትንም ቢሆን ጨርቁን እንለይ እንጂ ሰውየውን አንለይ፤ እግር ያበጠውን ደግሞ እጁን እንጨብጥ፥ በአንድ መሶብ አብረን እንብላ።

እኔም ወደ እኒያ አባት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ፤ ልጂቱ ግን ለሌላ ተድራ ነበር። እርሳቸውም እንጀራ አቅርበው አብረን በላን፤ በኋላም «ልጄ፥ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ያን ጊዜ የተናገርኸውን የሰሙ ሁሉ ግን አሁን የምታውቀውን ይስሙ» አሉኝ። ይህን የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።