የዕለት መዝገብና የሕሊና ምስክር

በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፥ ማሽላውን በየማለዳው የሚጎበኝ ገበሬ ቡቃያው ሲረዝም አያይም፤ ወር ቆይቶ የተመለሰ መንገደኛ ግን ማደጉን ባንድ ጊዜ ይለየዋል። እኛም ሁልጊዜ ከራሳችን ጋር ስለምንውል ለውጣችን ይሰወርብናል። ስለዚህ ፊትንና ድምፅን በየቀኑ በእጅ ስልክ ቀርጾ ማኖር መልካም ልማድ ነው፤ ከዓመት በኋላ ራሳችንን በመንገደኛው ዓይን ያሳየናልና።

ነገር ግን የሚመዘገበው ምንድን ነው? ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት በግዕዝ ዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉ ለታሪክ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ንጉሡን ለማወደስ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ይፋት በራሷ አንደበት አትናገርበትም። እንደዚሁም የተመሰገንበትን ቀን ብቻ ብንቀርጽ፥ ለራሳችን ጸሐፌ ትእዛዝ እንሆናለን እንጂ ምስክር አንሆንም።

ባለጉዳይን ያመናጨቀ ሹም፥ ተማሪን ያለ ጥፋቱ የቀጣ መምህር፥ በዚያች ምሽት መቅረጫውን ለመክፈት እጁ ያመነታል። የመዝገቡ እውነተኛነት የሚፈተነው ግን በዚያች ምሽት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የዕለት መዝገብም ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የወጋው እንዳይረሳ ነው። በዓመቱ ያንን ምስል ከፍቶ፥ የበደለውን ሰው እንዴት እንደ ካሰ ለመናገር የሚችል ሰው፥ እርሱ በእውነት አድጓል።