ሰውነትን ማስለመድ፣ እምነትን ማስለመድ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7-8 እና 5፥23

 

ይህን ወረቀት ከማንበባችሁ በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና ከላይ የጻፍኳቸውን ሁለት ቦታዎች አንብቡ። መጽሐፍ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ወረቀቷ ትንሽ ስለሆነች ቃሉን ሁሉ አልገለብጥላችሁም፤ ደግሞም ከእኔ ወረቀት ይልቅ ከራሱ ከመጽሐፉ ብታነቡት ይሻላል።

አነበባችሁ? እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚሰበከው። ጳውሎስ ሰውነትን የማስለመድ ጥቅሙ ጥቂት ነው ብሏል ይባልና፣ ከዚያ ተነስቶ ስፖርት የዓለም ነገር ነው፣ ሐኪም ቤት መመላለስም የእምነት ማነስ ነው ይባላል። እኔ ትምህርቴ ብዙ አይደለም፣ ከአንደኛ ደረጃ አላለፍኩም። ግን ጥቂት ማለት ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ራሽን በዘገየበት ወር አንድ ኩባያ ዱቄት ያገኘች እናት፣ ጥቂት ነው ብላ አትደፋውም። ገንፎ ታደርገዋለች። ጳውሎስም እግዚአብሔርን መምሰል ከሁሉ ይበልጣል አለ እንጂ ሰውነታችሁን ጣሉት አላለም።

ማስለመድ የሚለውን ቃል እስቲ ልብ በሉት። ገበሬ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ወይፈን ለእርሻ ሲደርስ በአንድ ቀን ቀንበር ጭነውበት ሙሉ እርሻ አያሳርሱትም። ከለመደ በሬ ጋር ይጠምዱታል፣ ትንሽ ያስኬዱታል፣ ይፈቱታል። ነገ ደግሞ ትንሽ ይጨምሩበታል። ይረግጣል፣ ይተኛል፣ ገመድ ይበጥሳል፤ ገበሬው ግን አይተወውም። እምነትም እንዲሁ ነው፣ ጉልበትም እንዲሁ ነው። በአንድ ሌሊት ኮንፈረንስ ተሞልቶ የሚያልቅ የለም። ጌታም ቀንበሬን ተሸከሙ ሲለን (ማቴዎስ 11) ብቻችንን እንድንጎትት አይደለም፣ ከእርሱ ጋር ነው የምንጠመደው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ኑ። ይኸው ደብዳቤ ነው፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የሚርቀው። ጢሞቴዎስ ወጣት አገልጋይ ነው፣ ግን ሆዱን ያመዋል፣ ደጋግሞም ይታመማል። ጳውሎስ ደግሞ ልብሱ ታመመ ሰው ላይ ሲደረግ በሽታ የሚለቅለት ሰው ነበር (የሐዋርያት ሥራ 19፥12)። ታዲያ ለሚወደው ልጁ ለጢሞቴዎስ መሐረብ ላከለት? አልላከለትም። እምነትህ ስለጎደለ ነው ብሎ ገሠጸው? አልገሠጸውም። ውሃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ለሆዱ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው። በዚያ ዘመን ወይን ለሆድ እንደ መድኃኒት ይወሰድ ነበር። (ወይን የሚለውን ይዛችሁ ወደ መጠጥ ቤት እንዳትሄዱ አደራ! ጥቂት ነው የሚለው፣ ለሆድም ነው የሚለው። ለእኛ ለሞያሌ ሰዎች ምክሩ ውሃችሁን አፍልታችሁ ወይም አክማችሁ ጠጡ ማለት ነው።)

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በመካከላችን ኪኒን የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ሰባኪ ጸልዮላት፣ ድነሻል ብሏት፣ የስኳር መድኃኒቷን የተወች እህት አለች። ሦስት ሳምንት አልቆየችም፣ ውሃ ወረፋ ላይ ወደቀች። ተሸክመን ነው ያደረስናት። ጌታ ማራትና ዛሬ አለች። ሁሉ ግን እንደ እርሷ አይተርፍም። ስለዚህ ሰው ደስ ባይለውም እጽፈዋለሁ፦ ጌታ ይፈውሳል፤ እኔም ለታመመ እጄን ጭኜ እጸልያለሁ፣ ወደፊትም እጸልያለሁ። ግን ጌታ ለምጻሙን ከፈወሰው በኋላ ምን አለው? ሂድ፣ ራስህን ለካህን አሳይ አለው (ሉቃስ 5፥14)። በዚያ ዘመን ለምጽ መዳኑን መርምሮ የሚናገር ካህኑ ነበር። ዛሬ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ቲቢን የሚመረምረው ክሊኒኩ ነው። ከዳናችሁ ምርመራው ይናገራል። ምርመራው ሳይናገር ኪኒን አትጣሉ። የተመረመረ ፈውስ የጌታን ክብር አይቀንስም።

እኔ ራሴ የቲቢ መድኃኒት ውጬ ነው የዳንኩት። ስድስት ወር። የመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪው አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ይቀላ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሳሉ ቆመ፣ ሰውነቴም መለስ አለ፣ ሰው ሁሉ ጨርሰሃል አለኝ። የጤና ባለሙያዋ ግን እንዲህ አለችኝ፦ ትሉ ተደብቋል እንጂ አልሞተም፣ አሁን ብትተው መድኃኒቱን ለምዶ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ለአንተም ለቤተሰብህም ይከፋል። የምትናገረው እውነት ነበር። በመሐል የተቋረጠ ቲቢ መድኃኒት የማይበግረው ይሆናል፣ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል። በየጠዋቱ ኪኒኑን ስውጥ ጸሎት አድርጌ ነበር የምውጠው። ለእኔ ያ የስድስት ወር ጾም ጸሎት ነበረ ማለት ይቻላል።

ኪኒኑ ሲያልቅ በሽታው ሄደ፣ ጉልበቴ ግን አብሮ ሄዶ ነበር። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ አንድ እርምጃ አያስኬደኝም። አምስት ሊትሯን ይዤ ጀመርኩ። ከሸራችን እስከ ግራሩ ዛፍ ሄጄ እቆማለሁ። ደረቴ ሲያፍን ዝም ብዬ ከመቆም ለአንድ ሰው እጸልያለሁ። ተነፍሼ እቀጥላለሁ፣ ሲደክመኝ ለሌላ ሰው እጸልያለሁ። ብዙ ስለሚደክመኝ ብዙ ሰው ይጸለይለት ነበር! ሳምንት ሲያልፍ አሥር ሊትር፣ ከዚያ ሁለት አሥር ሊትር በግራና በቀኝ። ሃያውን ለመሸከም ሦስት ወር ፈጀብኝ። የሚቆጠር ተአምር አልነበረም፣ ግን እንደ ወይፈኑ ለመድኩ።

ወጣቶች ይህን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል፣ ጀሪካን ምን ስፖርት ነው ትላላችሁ። እሺ፣ ስለ እውነተኛ ስፖርተኛ ልንገራችሁ። አበበ ቢቂላን ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ ወርቅ ያመጣ። ያንን ሁሉም ይተርካል። እኔ የምወደው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲቃረብ አበበ ትርፍ አንጀት ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፣ በዚያን ጊዜ ማንም ያልሮጠው ፍጥነት ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ከገባ በኋላ አልወደቀም፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። እንግዲህ ይህን ስል ቁስላችሁ ሳይሽር ተነሱና ሩጡ ማለቴ አይደለም። እርሱ ስንት ዓመት ያስለመደው ሰውነት ነበረው፣ ሐኪምና አሠልጣኝም ነበረው። በደኅናው ቀን የለመደ ሰውነት በክፉ ቀን ስንቅ ይሆናል፣ ያንን ነው የምላችሁ። ጸሎትም እንዲሁ ነው። በደኅና ቀን ያልጸለየ ሰው በታመመ ቀን ቃል ይጠፋበታል።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ውድድሩን አቋረጠ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በ1969 ደግሞ መኪናው ተገለበጠችበት። አከርካሪው ተጎዳ። የዓለም ፈጣን እግር ከዚያ በኋላ አልቆመም። በመጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባል ሆስፒታል ወሰዱት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኞች የሚሆን ነገር አለ። ያንን የአከርካሪ ሕክምና ክፍል የመሠረተው ሰው ሉድቪግ ጉትማን ይባላል። አይሁዳዊ ሐኪም ነው፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ በ1939 ከቤተሰቡ ጋር እንግሊዝ የገባ። እንደ እኛ ስደተኛ! ከእርሱ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሞቱን እንዲጠብቅ ነበር የሚተወው። እርሱ ግን እግራችሁ ቢሞት ክንዳችሁ አልሞተም ብሎ ቀስት አስያዛቸው። በ1948 አሥራ ስድስት የተጎዱ ወታደሮችን በቀስት አወዳደረ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ዓለም የሚያየው ውድድር ከዚያ ነው የበቀለው።

አበበም እዚያ እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ቀስት ያዘ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እጅ እንደተቀበለ መናገሩ ተጽፎለታል። የእርሱ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ አንድ ናት ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፦ እግሩ አልተመለሰም። በ41 ዓመቱ በ1973 አረፈ። እንግዲህ እምነት ስላልነበረው ነው የምንለው? እንዲህ የሚል ሰው ጳውሎስንም ይክሰሰው፤ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተወሰደለትም፣ ጸጋ ነው የተሰጠው (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። በብሎካችን በክራንች የሚሄድ ወንድም አለ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ምን ኃጢአት ሠርተህ ይሆን እያለ አድክሞታል። እባካችሁ ተዉት። ከምትመረምሩት ውሃ ቅዱለት።

ካኩማንም አትርሱ። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ፣ ከአሥሩ አምስቱ ከዚሁ ከኬንያ፣ ከካኩማ ካምፕ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ። የእኛው አገር ልጅ ዮናስ ክንዴም ከሉክሰምበርግ መጥቶ በዚያው ቡድን ማራቶን ሮጧል። ሜዳሊያ አላገኙም። ግን አሠልጥነዋቸው፣ ለምደው፣ ተሰለፉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ ማለት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። እናቶች፣ እናንተን አልመክርም። ውሃና እንጨት ተሸክማችሁ ከዚህ በላይ ሠርታችኋል፤ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ዕረፍትና የሚያግዝ ሰው ነው። የምናገረው ለእኛ ለወንዶች ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጫት ይዘን ጥላ እየተከተልን ለምንቀመጠው። የሚስትህን ጀሪካን ተሸከም። ስፖርት ነው፣ አገልግሎትም ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ስኳር ያለባችሁ እርምጃ ይረዳችኋል፣ ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይወስዳልና። ግን መድኃኒት ወስዳችሁ ባዶ ሆድ አትውጡ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ወዲያው ቁጭ ብላችሁ ስኳር ያለው ነገር ቅመሱ። ጾም ጸሎት ሲታወጅም መጀመሪያ ክሊኒክ ጠይቁ። ምግብ መጾም የማትችሉ ወሬ ጹሙ፣ ስልክ ጹሙ። ደም ግፊት ያለባችሁ ጨው ቀንሱ። ትኩሳት ያለው፣ ደም የሚያስለው፣ ደረቱን የሚወጋው ሰው ወደ ክሊኒክ ይሂድ እንጂ ወደ ሜዳ አይምጣ።

ኤልያስ ደክሞት ሞትን ሲለምን መልአኩ መጀመሪያ ስብከት አልሰበከለትም። አስተኛው፣ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀን የሄደው (1ኛ ነገሥት 19)። በ2018 ማርች ላይ ተኩስ ሸሽታችሁ ድንበሩን በእግራችሁ የተሻገራችሁ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ታነቡታላችሁ። ዛሬም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ አላችሁ። እናንተም ኑ፣ ከሰው ጋር መራመድ ሌሊቱን ያቀልላል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከጸሎት ቤቱ በር እንነሳለን። መጀመሪያ መዝሙር 121ን እናነባለን፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ደርሰን እንመለሳለን። የሚደክመው ባለበት ይቆማል፣ አንድ ሰው አብሮት ይቆማል። መራመድ የማትችሉ ወንበር ይዘጋጅላችኋል፣ የክንድ እንቅስቃሴ እዚያው እንሠራለን። የጠዋት ኪኒን ያለባችሁ ውጣችሁ ኑ። ውሃ ያዙ።