ማዘዣና ኅሊና

ፋርማሲስት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በትክክለኛው ዓይነት፣ መጠንና ጥራት ለታካሚው የሚያስረክብ ባለሙያ ነው የሚለው አመለካከት የሙያውን ግብረ ገብ ለረጅም ዘመን ወስኖ ኖሯል። በዚህ አመለካከት መሠረት ማዘዣው በትክክል እስከተነበበና መድኃኒቱ እስካልተበላሸ ድረስ፣ ታካሚው ቢጎዳ እንኳ ጥፋቱ የአዛዡ እንጂ የሰጪው አይሆንም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1990 ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ምሁራን «ፋርማሲያዊ ክብካቤ» በሚባለው ሐሳባቸው፣ ፋርማሲስቱ ሕክምናው በታካሚው ሕይወት ላይ ለሚያመጣው ውጤትም ኃላፊነት እንዳለበት ባስተማሩ ጊዜ ይህ አጥር ተነቃነቀ። ለውጡ ብዙውን ጊዜ እንደ ሥራ ዝርዝር መስፋት ይነገራል፤ በሥሩ ያለው ግን የሚያውቅ ሰው ራሱ ባላዘዘው ነገር ይጠየቃል ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ በተግባር የሚያጋጥም ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ይኸው ሰው አሜባ ይዞት ወደ ሌላ ጤና ተቋም ቢሄድ ሜትሮኒዳዞል ሊታዘዝለት ይችላል፤ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ስለሚያዳክም የዋርፋሪኑ ኃይል ይበረታል፣ ታካሚውም ለከባድ የደም መፍሰስ ይጋለጣል። ማዘዣው ብቻውን ሲታይ እንከን የለበትም፤ መጠኑ ልክ ነው፣ ለአሜባም የሚሰጠው ይኸው ነው፣ ሐኪሙም ስለ ዋርፋሪኑ አልተነገረው ይሆናል። መድኃኒቱ ከመዋጡ በፊት አደጋው ሊታይ የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው፤ የሚታየውም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ ከተጠየቀ ብቻ ነው። ይህን ሳይጠይቁ መስጠት ቸልተኝነት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው ፈጣሪ መሆኑን፣ ቀማሚውም የዚሁ ሥራ ተካፋይ መሆኑን ያስተምራል። የሙያው ክብር ከዚህ ይመነጫል፤ ተጠያቂነቱ ግን ይበልጥ የሚገለጸው በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ስለ ጉበኛው በተነገረው ምሳሌ ነው። ሰይፍ ሲመጣ እያየ መለከት ያልነፋ ጉበኛ ስለጠፋው ሰው ደም ይጠየቃል፣ መለከቱን ነፍቶ ሰሚ ያጣው ግን ከደሙ ንጹሕ ነው። ምሳሌው ማወቅ በራሱ ግዴታን እንደሚያስከትል ያሳያል፤ ከፋርማሲስቱ ጋር ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጉበኛው ከግንብ ላይ ሆኖ ያያል እንጂ ሰይፉን አያቀብልም፤ ፋርማሲስቱ ግን እንደሚጎዳ ያወቀውን መድኃኒት የሚሰጠው በገዛ እጁ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ ደውሎ ተቀባይነት ማጣቱ ብቻ ከኅሊና ወቀሳ አያድነውም።

የትምህርቱ ፈተና የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1953 ዓ.ም. አንሥቶ ትምህርቱ ለብዙ ዓመታት ያተኮረው በመድኃኒቱ ላይ፣ ማለትም በኬሚስትሪው፣ በቅመማውና በአቅርቦቱ ላይ ነበር፤ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የመጀመሪያ ዲግሪው ወደ አምስት ዓመት አድጎ ተማሪው በሆስፒታል ታካሚ እየተከታተለ እንዲማር ተደረገ። ዓላማው ትክክለኛና የሚመሰገን ነው። ይሁንና ተማሪው በታካሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያሠለጥነው ልምድ ያለው ክሊኒካል ፋርማሲስት ካላገኘ፣ የዋርፋሪንንና የሜትሮኒዳዞልን ጠብ በፈተና ወረቀት ላይ መመለስ ይችል ይሆናል እንጂ፣ በጠዋቱ ራውንድ ላይ ለአንድ አንጋፋ ስፔሻሊስት «ይህ መድኃኒት እንደገና ቢታይ» ብሎ መናገርን አይማርም። ማንም ሊፈጽመው በማይችለው ነገር አይገደድም የሚለው የፍልስፍና መርህ እውነት ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ዕውቀቱን ሰጥቶ ንግግሩን ሳያለማምድ፣ ሆስፒታሉም አስተያየቱን በታካሚው ካርድ ላይ የሚያሰፍርበት ቦታ ሳይሰጠው፣ ሙሉውን ተጠያቂነት በወጣቱ ባለሙያ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሥልጣን መጨመርም ብቻውን አይበቃም። በብሪታንያ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ፋርማሲስቶች እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ራሳቸው ማዘዝ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲሲሊው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ሐኪምና ባለ መድኃኒት በንግድ እንዳይሻረኩ በሕግ ሲከለክል ያሰጋው ነገር፣ ማለትም አዛዡ ከሽያጩ እንዳያተርፍ የነበረው ጥንቃቄ፣ ዛሬም አላረጀም። በግል መድኃኒት ቤት የቆመ ፋርማሲስት «ይህን አይግዙ» ባለ ቁጥር ገቢ ያጣል፤ ይህን ፈተና በግልጽ የማያነሣ የሥነ ምግባር ትምህርት ተማሪውን ለገበያው ሳያዘጋጅ ይሸኘዋል።

እምቢታውም ቢሆን በራሱ ምሉዕ አይደለም። ሜትሮኒዳዞሉን ከልክሎ ታካሚውን ያሰናበተ ፋርማሲስት የደም መፍሰሱን አደጋ ቢያስቀርም አሜባው እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙን ማግኘት፣ መድኃኒቱ እንዲለወጥ ወይም የዋርፋሪኑ መጠን ተስተካክሎ የደም መርጋት ምርመራው ቶሎ ቶሎ እንዲደረግ ሐሳብ ማቅረብ፣ የተባባሉትንም መዝግቦ ታካሚው ምን ዓይነት መድማት ሲያይ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለበት በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅበታል።