እርጥቡን እህል ከላይ አድርጉት

 

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን «የእውነተኛ ሕይወት» ተብለው ከሚቀርቡ ትርኢቶች መካከል የመጋዘን ሐራጅ የሚያሳዩ አሉ። ከነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ኤ ኤንድ ኢ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ያቀረበው «ስቶሬጅ ዎርስ» ነው። በሳተላይትና በኢንተርኔት ወደየቤታችን ስለሚገባ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያየው ጥቂት አይደለም። ካዩ በኋላም «ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ድራማ?» የሚል ክርክር ይነሣል። እኔ ጥያቄው ከጨዋታ ያለፈ ክብደት አለው ባይ ነኝ። ምክንያቱም ነገሩ የሽያጭና የምስክርነት ጉዳይ ነውና፤ በሁለቱም ላይ ደግሞ ዲናችን ዝም አላለም።

አስቀድመን የሐራጁን አሠራር እንመልከት። በአሜሪካ ቤት የጠበበው፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዛወር፣ ወላጅ ሞቶበት የውርስ ዕቃ የት እንደሚያደርስ የቸገረው ወይም ትዳሩ የፈረሰበት ሰው በወር ሒሳብ የሚከራየው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለ። ዕቃውን አስገብቶ በራሱ ቁልፍ ይቆልፍበታል። ኪራዩን ሳይከፍል ከቆየ ሕጉ ለመጋዘኑ ባለቤት በዕቃው ላይ የመያዣ መብት ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ቁልፉ ይቆረጥና በውስጡ ያለው ሁሉ በሐራጅ ይሸጣል። ተጫራቾች ከደጃፍ ቆመው ለጥቂት ደቂቃዎች ያያሉ እንጂ ገብተው አይነኩም፤ ካርቶንም አይከፍቱም። ያሸነፈው ቆሻሻውንም ደህናውንም ጠራርጎ ይወስዳል።

ትርኢቱ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ፊት ካርቶን ይፈታል፤ ከአሮጌ ልብስ ሥር ያልታሰበ ውድ ዕቃ ብቅ ይላል፤ በመጨረሻም ማን ምን ያህል እንዳተረፈ በቁጥር ይነገራል። ተመልካቹም «ሪዝቅ እንዲህ በቀላሉ ይገኛል ለካ!» ይላል።

ታዲያ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2012 ከትርኢቱ ዋና ተጫራቾች አንዱ የነበረው ዴቭ ሄስተር በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጣቢያውን ከሰሰ። ክሱ አዘጋጆቹ ውድ ዕቃዎችን አስቀድመው በክፍሎቹ ውስጥ ይደብቃሉ፤ ይህን ተቃውሜ ስለተናገርኩ ከሥራ ወጣሁ የሚል ነበር። በቆሻሻ ክምር ሥር ስለተቀበረች የቢ ኤም ደብሊው ሚኒ መኪና ሳይቀር በክሱ ላይ ተጠቅሷል። ጣቢያው በበኩሉ ሥራው በሕገ መንግሥት በተጠበቀው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሥር የሚወድቅ ነው ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2013 ዳኛው ትርኢቱን የሐሳብ መግለጫ ሥራ አድርገው በማየት ያልተገባ የንግድ ተግባር የሚለውን የክሱን ክፍል ውድቅ አደረጉት። ከሥራ መውጣቱን የሚመለከተው ክርክር ግን ቀጠለና በ2014 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ሰውዬውም ወደ ትርኢቱ ተመለሰ። ዕቃ ተደብቆ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በፍርድ ሳይረጋገጥ መዝገቡ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ አዝዞናል። ክስ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ «ተጭበርብሯል» ብሎ መፍረድ የእኔም የእናንተም ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ያልጨረሰውን ጥያቄ ኅሊናችንም ይተወው ማለት አይደለም።

አሜሪካውያን ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቀድሞ ተፈትነዋል። በ1950ዎቹ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ሕዝቡ በዕውቀቱ ያደነቀው ቻርልስ ቫን ዶረን መልሱ አስቀድሞ ይነገረው እንደነበር በኅዳር 1959 በኮንግረስ ፊት አመነ። በማግስቱ ዓመት በ1960 የዕውቀት፣ የችሎታ ወይም የዕድል ውድድርን ተመልካች ለማታለል አስቀድሞ ማመቻቸትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሄስተርም ክሱን ሲያቀርብ ይህንን ሕግ አንሥቷል። የትርኢቱ ጠበቆች ያሳዩት ግን በውድድርና በድራማ መካከል ሰፊ መሹለኪያ መኖሩን ነው።

እስልምና ይህን መሹለኪያ በገበያ መካከል ዘግቶታል። ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። እህሉ የውሸት እህል አልነበረም። ዝናቡንም ሰውዬው አላመጣውም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነበር።

እንዲሁም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የግመልን ወይም የበግን ጡት ሳያልቡ አቆይቶ ወተቷ የበዛ አስመስሎ መሸጥን ከልክለዋል፤ ለተታለለው ገዢም እንስሳዪቱን የመመለስ መብት ሰጥተዋል። ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ የሚጫረተውን፣ ማለትም ነጅሽን ከልክለዋል። ምንነቱ በማይታወቅ ነገር ላይ የሚደረግን የገረር ሽያጭም ከልክለዋል። ከደጃፍ ቆሞ የታሸገ ካርቶን መግዛት የት ላይ እንደሚወድቅ ብይኑን ለዑለማኦቻችን እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ትርኢቱ እንመለስ። አንድም ዕቃ አልተደበቀም ብለን እንነሣ። የእህሉ ክምር ግን አሁንም አለ። ፍራሽና የተሰበረ ወንበር ብቻ የሞላበት ክፍል ለቴሌቪዥን አይጥምምና ከሥር ይቀራል። ቆሻሻውን ለማስወገድ፣ ለጭነትና ለሠራተኛ የወጣው ወጪ ከሥር ይቀራል። ትርፍ ተብሎ የሚነገረውም ብዙ ጊዜ ግምት እንጂ ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ትርኢቶቹ ከታወቁ በኋላ አዲስ ሰዎች ወደ ሐራጆቹ ጎርፈው ዋጋ አስወድደዋል። ስለዚህ «ድራማ ነው፣ ማን ይጎዳል?» ማለት አያዋጣም። በተቀነባበረ ምስል ተማርኮ እውነተኛ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አለና።

ከሁሉ በላይ ከሥር የተደበቀው ግን የዕቃው ባለቤት ነው። የመጋዘኑ ሰው ኪራዩን ማግኘቱ መብቱ ነው፤ እያለው ዕዳውን የሚያጓትት ሰው በደል እንደሚፈጽምም ሐዲሱ አስተምሮናል። ሆኖም ሁሉም ያላቸው አይደሉም። የቸገረው ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው፣ መማርም የተሻለ እንደሆነ ሱረቱል በቀራህ ይነግረናል። በስክሪኑ ላይ ግን የሠርግ ፎቶግራፉ፣ የልጁ ጫማ፣ የእናቱ ሣህን ሲገላበጥ እርሱ የለም፤ ለምን እንዳልከፈለም አይነገረንም።

ሐራጅ በራሱ ነውር የለውም። አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊለምን የመጣ አንድ የአንሷር ሰው ቤቱ የቀሩትን አንድ ልብስና አንድ ዋንጫ እንዲያመጣ አዝዘው፣ ማን እንደሚጨምር እየጠየቁ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በአንዱ መጥረቢያ ገዝቶ መጣ። እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለትና እንጨት ለቅሞ እንዲሸጥ ላኩት። በዚያ ሐራጅ ላይ ባለዕቃው ቆሞ ነበር፤ ገንዘቡም ወደ እርሱ ተመለሰ።

በጋዜጠኝነት የምተዳደር እንደመሆኔ አንድ ነገር ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ መምረጥና መቁረጥ የማይቀር ሥራ ነው። የቱን ከላይ፣ የቱን ከሥር እንዳደረግን ግን እንጠየቅበታለን። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ሰውን ለማሳቅ ሲል የሚዋሽን ሰው ያስጠነቅቃል። ከማሳቅ የሚበልጥ ምን መዝናኛ አለ?

ወንድሞችና እህቶች! ልጆቻችሁ ይህን ሲያዩ «እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብላችሁ አታቁሙ። «ከሥር ምን ቀረ? የማን ዕቃ ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቋቸው። እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ መስደድን ይልመዱ።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ የሚያሳየን፣ በንግዳችንም በንግግራችንም ከማታለል የሚጠብቀን ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።