መትከልና መጽደቅ

በቋንቋችን ለሰውም ለችግኝም የምንለው አንድ ቃል አለ፤ «ጸደቀ» እንላለን። ሰው ጸደቀ ሲባል ነፍሱ ከኩነኔ ዳነች ማለት ነው። ችግኝ ጸደቀ ሲባል ደግሞ ሥሩ አፈር ያዘ፣ በጋውን ተሻገረ ማለት ነው። ለመሆኑ ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው ያጋጣሚ ነገር ይሆን? ወይስ ልናስብበት የሚገባ ቁም ነገር አለው? ጥያቄው የመጣብን ከቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ ከእናታችን ጓሮ ነው።

ጎጃም ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማችን፣ ከቤታችን ጓሮ፣ አያታችን የተከሉት አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ቡናችን በጥላው ሥር ያድግ ነበር፤ ነጭ አበባው ሲፈነዳ የንቡ ድምፅ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ፍሬውን ከወፎች ጋር እየተሻማን በልተን አድገናል። ከመካከላችን ታላቅየው ዩኒቨርስቲ ሲገባ ዋንዛው ለጣውላ ተሸጠ። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ጫማና የመንገድ ገንዘብ ሆነ። ሁለተኛው ሲከተል የተረፈው ገንዘብ አለቀ። እንግዲህ አንባቢ እንደሚረዳው፣ እኛ ዛፍ በልተን የተማርን ሰዎች ነን።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንመለስ ጉቶው አጠገብ ቆመን «እዚህ ቦታ ላይ አገር በቀል ዛፍ መተከል አለበት» ብለን አወጅን። እናታችን ግን «እኔ ባሕር ዛፍ ነው የምተክለው» አለችን።

ያን ጊዜ የተማርነውን ሁሉ ዘረገፍንባት። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ የአውስትራልያ ዛፍ መሆኑን፣ ውሃ አብዝቶ እንደሚጠጣ፣ ከሥሩ ጎመን እንደማይበቅል፣ የጎረቤታችንም የውሃ ጉድጓድ ከጉቶው ዐሥር እርምጃ እንደማይርቅ ነገርናት። በመጨረሻም፣ ክርክሩን የዘጋን መስሎን፣ «መጤ ነው!» አልናት።

«በርበሬስ?» አለች።

ዝም አልን። እውነትም በርበሬውም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በርበሬን መጤ ነው ብሎ ከወጥ ያስወጣ ሰው ግን አላየንም።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነበር፤ የትውልድ ቦታን እንደ ምግባር መቁጠራችን። ዛፍ የትም ቢወለድ ስለ መወለዱ በደል የለበትም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ባለውለታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ስለ ተመናመነ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ይኸው ቶሎ የሚደርሰው፣ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው እየተሸከሙ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ውለታውን ያውቁታል።

ታዲያ አገር በቀሉን ለምን እንመርጣለን? ከጎረቤቶቹ ጋር ስላለው ዝምድና ነው። ዋንዛን ንብም፣ ወፍም፣ ቡናም ያውቁታል፤ ከበሮም ከእሱ ይጠረባል። የብሳና ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያለማል። የወተት ቅሉና የጠላው ጋን የሚታጠኑት በወይራ ነው። የኮሶ አበባ ስንቱን ትውልድ ከሆድ ትል ገላግሏል። እንዲህ ያለው ዝምድና በብዙ ዘመን የተገመደ ስለሆነ፣ ዛፉ ሲጠፋ ሙያውም፣ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ደሞም ሁሉም ዛፍ ለሁሉም ጓሮ አይሆንም። ኮሶ ደጋ ይወዳል። ዋርካን ከግድግዳው አጠገብ የሚተክል ሰው ግድግዳውን ይሰናበት። ጽድና ወይራ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ይህን ሁሉ ለእናታችን አስረዳን። ትዕግሥት ያልነው ላይ ያዘችን።

«ባሕር ዛፍ በስድስት በሰባት ዓመት ይደርሳል። እህታችሁ አምስተኛ ክፍል ናት። እናንተ የምትሉት ዛፍ እስኪደርስ እሷን ማን ያስተምራት? ዋንዛውን የበላችሁት እናንተ፣ የምትታገሠው እሷ? ደሞስ በመስከረም ትሄዳላችሁ፤ በጥርና በየካቲት ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?»

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰውን ዛፍ መምረጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ የመረጠው ሰው አይደለም። እኛ «ለመጪው ትውልድ» እያልን ስንናገር፣ መጪው ትውልድ እዚያው ጓሮ ውስጥ ደብተሯን ይዛ ቆማ ትሰማን ነበር። ሌላውን ታገሥ እያለ ራሱ ምንም የማይጎድልበት ሰው፣ ዕዳውን ለሌላ አሸከመ እንጂ ምን በጎ ነገር ሠራ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። እኛም በዚያ ክረምት በልጅ እጃችን ተክለናል፤ የተከልነውን ግን ተመልሰን አላየነውም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሆታም አለው። መጽደቅ የሚለየው በበጋ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ በእንስራ ውሃ ነው። ቃሉ ለሰውም ለችግኝም አንድ የሆነው ስለዚህ ይመስለናል።

«ታዲያ ድሃ አገር በቀል ዛፍ አይትከል ነው የምትሉት?» የሚል አይጠፋም። አላልንም። የምንለው፣ ይተከል የሚል ሰው ከመጠበቁ ሸክም ድርሻውን ያንሣ ነው። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ ከጉድጓዱ ርቆ በታችኛው አጥር በኩል ለእህታችን መንገድ የሚሆን ጥቂት ባሕር ዛፍ ተተከለ። በጉቶው አጠገብ ሁለት ዋንዛ፣ በበሩ በኩል አንድ ወይራ ተከልን። ሥራ ስንይዝም የእህታችንን የትምህርት ወጪ ልንሸፍን፣ ዋንዛዎቹም እንዳይነኩ ቃል ገባን። እናታችን ቃላችንን ሰምታ «እናያለን» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

በሚያዝያ መጨረሻ እህታችን ደወለችልን። በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ የምታጠጣው እሷ ነበረች። አንዱን ዋንዛ ፍየል በልቶታል። ሁለተኛውና ወይራው ጸድቀዋል።

የእኛ ገና አልታወቀም።