የወፍጮ ቤቱ በር

ከአቃቂ ወጣ ባለ መንደር አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። እህል ያስረከበ ሁሉ ሲመለስ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ "ነገ"።

አንዲት እናት ጤፋቸውን አስረክበዋል። እንዳይጠፋባቸው የጆንያውን አፍ በቀይ ክር ሰፍተውታል። ሲመጡ ጆንያው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ክሩ አልተፈታም። "እማማ፣ ነገ ይምጡ።" በማግስቱም "ነገ"። ቤት ያለው ዱቄት አለቀ። አንዱ ጎረቤት "እጅ መንሻ ስላልሰጡ ነው" አላቸው፤ ሌላው "ዘመዶቹን እያስቀደመ ነው" አለ። ባለወፍጮው ግን ድንጋዩ ዶልዱሞ ጤፍ አላልም እንዳለው ያውቃል። ደንበኛ ይሸሸኛል ብሎ ዝም አለ።

አንድ ቀን ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ ጠመኔ አነሣና በሩ ላይ ጻፈ፤ የትኛው ጆንያ መቼ እንደገባ፣ ስንት ጊዜ "ነገ" እንደተባለ፣ በምን ምክንያት። እኚያ እናት አስነበቡ። "ቀይ ክር፤ አሥራ አንድ ቀን፤ ድንጋዩ አልተወቀረም።" ከሥሩ ደግሞ በገባበት ዕለት የተፈጨ ሌላ ጆንያ ሰፍሯል፤ ምክንያቱ ጋ ምንም አልተጻፈም። የቆመው ሰው ሁሉ ያንን ባዶ ቦታ ያይ ጀመር። በዚያው ሳምንት ወቃሪ ተጠራ፤ ስለ ባዶው ቦታም ባለወፍጮው ተጠየቀ።

የቂሊንጦ እስር ቤት ሲነሣ ይህ በር ይታየኛል። እዚያ የሚበዛው ፍርዱን የሚጠብቅ የቀጠሮ እስረኛ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ፣ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። ፍጥነትና ግልጽነት ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ያልታየ መዘግየት ማን ይጠይቀዋል?

በሚያዝያ 2006 ከታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን መካከል ወንዶቹ ቂሊንጦ ነበሩ። በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠ፣ የመጨረሻዎቹ ከሽብር ክስ ነጻ የተባሉት በጥቅምት 2008 ነው። የእነርሱን ቀጠሮ ጋዜጠኞች ቆጠሩላቸው። ስሙን ማንም የማያውቀውን እስረኛ ቀጠሮ የምትቆጥረው ስንቅ የምታመላልሰው እናቱ ብቻ ናት።

ፍርድ ቤቶች ስንት መዝገብ እንደተዘጋ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ጥሩ ነው። እኔ የምለምነው የዚያን የጠመኔ ጽሑፍ ነው፦ የሰው ስም ሳይጠራ፣ በመዝገብ ቁጥር ብቻ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀጠረና ለምን፣ ምስክር ቀርቶ ይሁን መዝገቡ ሳይመረመር፣ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። መዝገብ የተቆለለባቸው ዳኛም ድንጋያቸው እንዲወቀርላቸው የሚጠይቁበት ማስረጃ ያገኛሉ። ያቺ ስንቅ የምታመላልስ እናትም የመዝገብ ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስጽፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች፤ ፈትታ የምታመሳክርበት በር ነው ያጣችው።