እንደራሴ፦ የማን ራስ?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት የገባን ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ አስቁመው ጠየቁን። «እናንተ ልጆች፥ ፊደል ቆጥራችኋል፤ እስቲ ንገሩን። ያን ልጅ መረጥነው፤ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ተቀምጦ የሚሠራው ምንድን ነው?» አሉ። እኛም ሕግ ያወጣል፥ መንግሥትን ይቆጣጠራል፥ በጀት ያጸድቃል እያልን በክፍል የተማርነውን ደረደርንላቸው። አዛውንቱ እስክንጨርስ ታገሡንና፥ «እሱንማ በሬዲዮ ሰምተናል። እኔ የምጠይቃችሁ እሱ ራሱ ምን አለ ነው» አሉን። ዝም አልን። አናውቅማ!

ያ ዝምታ ግቢ ተመልሰንም አለቀቀንም። ስንት ማታ ዶርም ውስጥ ተከራከርንበት። ክርክሩ እየጠራ ሲሄድ ግን ከአንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ላይ አረፈ። አዲስ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ለድምፅ እጁን ሲያነሣ የሚያነሣው የማንን እጅ ነው? የመራጩን ወይስ የራሱን?

ቋንቋችን ለዚህ ሰው ያወጣለት የቆየ ስም አለ፤ እንደራሴ። ቃሉን ለሁለት ብንከፍለው «እንደ» እና «ራሴ» ይሆናል። መራጩ ሲናገረው፥ እንደ እኔ ሆኖ፥ በእኔ ቦታ ቆሞ፥ ማለቱ ነው። ነገር ግን ቃሉ ወጥመድ አለበት። ገበሬው «ራሴ» ሲል ራሱ ገበሬው ነው፤ ተመራጩ «ራሴ» ሲል ግን ሌላ ሰው ነው። በምርጫው ቀንና በስብሰባው ቀን መካከል ቃሉ ባለቤቱን ይቀይራል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪካችን አሳይቶናል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና ሕዝቡ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመወዳደር የሚፈልግ ሰው ግን ዕድሜው 25 የሞላ፥ በሚወዳደርበት ወረዳም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። እንግዲህ አስቡት! ጭሰኛው ድምፁን ይሰጣል፤ ድምፁን የሚቀበለው ግን ባለንብረቱ ነው። ጭሰኛው «እንደ ራሴ» ብሎ የላከው ሰው ምክር ቤት ሲደርስ የራሱን ርስት አስታወሰ።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለው ሕግ ከዚያም በኋላ ዓመታት ተንከባለለ፤ ሳይጸድቅም ምክር ቤቱ ራሱ መስከረም 1967 ዓ.ም. ተዘጋ። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አንድም የተመረጠ ሰው እጁን አላነሣም። የሚያነሣበት ምክር ቤት የት አለና! በእንደራሴዎች ፊት ሲጓተት የኖረ ጉዳይ በመጨረሻው ያለ እንደራሴ ተወሰነ።

«መድኃኒቱ ቀላል ነው» አለ ከመካከላችን አንዱ። «ገበሬን ገበሬ፥ ሠራተኛን ሠራተኛ ይወክለው። የሚመስለንን እንምረጥ።» ነገሩ ደስ ይላል፤ ግን ስንመረምረው ሳሳብን። በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ድምፃቸውን ከሰጧቸው መካከል ወንዶች አሉ፤ ታዲያ እነዚያ ወንዶች እንደራሴ የላቸውም ልንል ነው? ደግሞስ ትላንት በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው አዲስ አበባ አምስት ዓመት ወንበር ላይ ከተቀመጠ፥ መምሰሉ እስከ መቼ ይቆያል? መልክ አብሮ ይሄዳል፤ ኑሮ ግን ይቀየራል።

ሌላው ተነሥቶ «እንግዲያው መልእክተኛ እናድርገው» አለ። «ያልነውን ብቻ ይናገር፤ ካልነው ወዲያ ወዲህ አይበል።» ይህም ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ተመራጭ ምክር ቤት ገብቶ፥ ቃለ መሐላ ፈጽሞ፥ በአንድ ቋሚ ኮሚቴ ሲመደብ፥ በምርጫው ቀን ማንም ያላሰበው ረቂቅ ሕግ ከፊቱ ይመጣል። እኛ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ላክነው፤ እሱን የሚጠይቁት ስለ ባንክና ስለ ጉምሩክ ነው። በየአንዳንዱ እየተመለሰ ይጠይቀን? ደግሞም ሁሉም አፉን ተለጉሞ ከመጣ ክርክሩ ለምን አስፈለገ? ድምፁን በደብዳቤ መላክ ይበቃ ነበር። የእኛ ወረዳ የምትፈልገው ነገር የጎረቤቱን ወረዳ የሚጎዳ ሲሆንስ?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሡት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1774 ብሪስቶል የምትባለው የእንግሊዝ የንግድ ከተማ ኤድመንድ በርክን ስትመርጥ፥ ሰውየው በዚያው ሰሞን ለመራጮቹ ቁርጡን ነገራቸው። ጉልበቴንና ጊዜዬን እሰጣችኋለሁ፤ ፍርዴን ግን ለእናንተ ፈቃድ አላስረክብም፥ የሚል ነበር የንግግሩ ፍሬ ነገር። እንዳለውም የከተማይቱ ነጋዴዎች ያልወደዱትን፥ የአየርላንድ ንግድ ቀንበር እንዲላላ ደገፈ። የእኛም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላትን የመላው ሕዝብ ተወካዮች ካለ በኋላ፥ ተገዢነታቸውን ለሦስት ብቻ ያደርገዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። ፓርቲ የሚል ቃል ከሦስቱ መካከል ፈልገን አጣን።

ኅሊና! እዚህ ላይ ነው ክርክራችን የጋለው። ኅሊና አይታይማ። ነገሩን መርምሮ እጁን ያነሣውም፥ አለቃውን ፈርቶ ያነሣውም፥ ጎረቤቱ ስላነሣ ያነሣውም፥ ቢጠየቁ ሁሉም «ኅሊናዬ ነው» ይላሉ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለየው?

መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአገራችን ወግ ነው። ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው መልእክተኛ ብቻ አይደለም፤ የምንለውን ቃል በቃል አናስጠናውም። የሰውን ፊት አይቶ፥ ነገሩን አለዝቦ፥ እንደ ብልሃቱ ይናገራል፤ ሽማግሌ ያልነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ተልኮ ሄዶ፥ ተናግሮ፥ መልሱን ሳያመጣ የቀረ ሽማግሌ አይተን እናውቃለን? እንዲህ ያለውን ሰው አደራ በላ እንለዋለን። የቀናው እንደሆነ ቀናኝ፥ ያልቀናው እንደሆነ ይህን ብዬ ይህን መለሱልኝ ብሎ ደጃችን ድረስ መጥቶ ይነግረናል።

እንደራሴም እንዲሁ ነው እንላለን። ከፈቃዳችን የተለየ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ምክንያቱን ከእኛ መደበቅ ግን አይችልም። ደገፈም፥ ተቃወመም፥ ድምፀ ተአቅቦም አደረገ፥ በላኩት ሰዎች ፊት ቆሞ «ይህን ያደረግሁት ስለዚህ ነው» ማለት አለበት። ኅሊና የሚፈተነው እዚያ ነው። ያሰበበት ሰው የሚናገረው ነገር አለው፤ ያላሰበበት ግን ሰው ፊት መቆም ይከብደዋል። በርክም ቢሆን የተወቀሰበት አንዱ ነገር ብሪስቶልን አዘውትሮ አለመጎብኘቱ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1780 ተመልሶ በመራጮቹ ፊት ስለ ሥራው አንድ በአንድ መልስ ሰጠ፤ እንደማይመረጥ ባየ ጊዜም ከውድድሩ ወጣ። ወንበሩን አጣ፤ አደራውን ግን አልበላም።

«ጊዜ የለም» የሚል ምክንያትም አያዋጣም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤቱ የዓመት ስብሰባ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌና ነሐሴ የማን ናቸው? ያው አንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይናገራል። ምን እንዳደረገ ያልተነገረው ሕዝብ ግን በምን አውቆ ይመን፥ በምንስ አውቆ ይንሣ?

ይህን ሁሉ ብለን ልንነሣ ስንል አንዷ ጓደኛችን አስቆመችን። «እኛስ?» አለች። «በየስብሰባው ሕዝቡ ይህን ይላል፥ ገበሬው ያን ይፈልጋል እንላለን። ማን መረጠን? እሱስ ሰውየው ተመርጦ ነው።» የሚመልስላት ጠፋ። የ1957ቱ ተማሪዎች ስለ ጭሰኛው ጮኹ፤ ጩኸታቸው እውነት ነበር። እኛ ግን ስለ ሕዝብ በተናገርን ቁጥር ያልነውን ይዘን ወደ ሕዝብ ተመልሰን እናውቃለን? እኒያ አዛውንት ሲጠይቁን ዝም ያልነው ተመራጩ ዝም ስላለ ብቻ አይደለም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ስለዚህ ተስማማን። ለዚያ ለአዲሱ ተመራጭ ደብዳቤ ጽፈንለታል፤ የትኞቹ ረቂቅ ሕጎች ቀረቡ፥ በየትኛው እጅህን አነሣህ፥ ለምን? ከሦስት መስመር አይበልጥም። ቢመልስልን መልሱን፥ ባይመልስልን ዝምታውን ይዘን በመጪው ክረምት አዛውንቱ ደጅ እንሄዳለን። እሳቸው ያኔ የሚሉንን በዚሁ ገጽ ላይ እናሰፍረዋለን።